ደሙን ቶሎ ላክልኝ

ነዕማ ደብዳቤውን ያገኘችው ፈልጋ አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከአሶሳ ገበያ ወረድ ብሎ ባለው አሮጌ አዳራሽ ውስጥ እሷና በቃሉ መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ጋርደው፣ ግድግዳው ላይ በተወጠረ ነጭ አንሶላ አንድ የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ፊልም ለሦስተኛ ጊዜ እያዩ ነበር። የመጋቢት ሙቀት ከቆርቆሮው ጣሪያ እየወረደ አናት ያነድዳል። ፊልሙ ድምፅ የለውም። ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይጮኻሉ፣ ያለቅሳሉ፤ የሚሰማው ግን የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ብቻ ነው። መላጣ፣ ገርጣጣ፣ ጣቶቹ ከልክ በላይ የረዘሙ ባላባት ከሩቅ አገር በመርከብ ይመጣል። በከተማው ውስጥ ቤት ይይዛል። ከዚያ በኋላ በየቤቱ ሰው ይታመማል፣ ይሞታል። ሰውየው የሚኖረው በሰው ደም ነው።

ነዕማ የተጠራችው ለዚህ ዝምታ ድምፅ እንድትሆን ነበር። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በበርታ ቋንቋ ታስተምራለች። ድምፅዋን የሰማ ሰው ፊቷን ለማየት ዞር ይላል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማይክሮፎን ይዛ የባላባቱንም፣ የመርከበኛውንም፣ የሙሽራዋንም ቃል መጀመሪያ በአማርኛ ከዚያም በበርታ ልትናገር ነው።

«ይሄን ፊልም ካልጠፋ ፊልም ለምን መረጥክ?» ብላ ጠይቃው ነበር በመጀመሪያው ቀን።

በቃሉ ሳቀ። «ከተማው ውስጥ ስሜ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ደም መጣጩ። የሚፈሩትን ነገር አንሶላ ላይ ሲያዩት ይስቁበታል፤ ሲስቁ ደግሞ ይተዉታል።»

በቃሉ የወባ ተመራማሪ ነው። ከየመንደሩ ሰው ጣት ላይ አምስት ጠብታ ደም እየወሰደ በወረቀት ካርድ ላይ ያደርቃል። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ባምባሲ አካባቢ የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ አድጓል፤ ቢሆንም ለብዙ ሰው ዛሬም «የሰፋሪው ልጅ» ነው። ከነዕማ ጋር የተዋወቁት ከሰባት ወር በፊት ተማሪዎቿን ሊመረምር ሲመጣ ነው። ልጆቹ መርፌውን አይተው ማልቀስ ሲጀምሩ ቀድማ የራሷን ጣት ዘረጋችለት። ስንት ሺህ ጣት የወጋ እጅ ያን ቀን ተንቀጠቀጠ። መንቀጥቀጡን አይታለች፤ ማየቷንም እሱ አይቷል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ከቤተሰቧ ደብቃ ይዛዋለች።

የበቃሉ ስልክ ጮኸ። «የፊልሙ ጽሑፍ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ አውጪው» ብሏት ወደ ደጅ ወጣ።

ወረቀቶቹን ስትስብ አንድ የታጠፈ ቅጠል ወረቀት ጭኗ ላይ ወደቀ። ልትመልሰው ነበር። ከፊልሙ በሚረጨው ብርሃን ግን የመጀመሪያው መስመር ዓይኗ ውስጥ ገባ፤ ከገባ በኋላ ማንበቡን ማቆም አልቻለችም።

«በቃሉ፣ የመንጌውን ደም ቶሎ ላክልኝ። የቀረን መቶ ሃያ ሰው ነው። ሰዎቹን ብዙ አታስረዳ፤ ባስረዳህ ቁጥር ጥያቄያቸው ይበዛል። ቀለበቱን ከጣቴ አላወለቅኩትም። መቼ እንደምትመጣ ብቻ ንገረኝ። ትህትና።»

ወረቀቱን እንደነበረው አጥፋ፣ እንደነበረበት ቦታ መለሰችው። በቃሉ ተመልሶ አጠገቧ ሲቀመጥ እንደ ወትሮው ፈገግ አለላት። አንሶላው ላይ ባላባቱ ለእንግዳው እራት እያቀረበ ነበር። ነዕማ ግን የምታየው ባላባቱን አልነበረም። የሰባት ወር ፈገግታ ሁሉ አሁን እንዳዲስ መመርመር እንዳለበት እየተሰማት፣ የሚወዱትን ፊት በባዳ ዓይን ማየት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀች።

* * *

ቤት ስትደርስ አባቷ ሼህ ሐመድ ከትውልድ መንደሯ ከመንጌ መጥተው ጠበቋት። ወንድሟ ሀይደር ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ከጎናቸው ተቀምጧል። ሁለቱም የቀረበላቸውን የከርከዴ ሻይ አልነኩትም።

«አክስትሽ ሂባ ታማለች» አሉ አባቷ በበርታ።

«ምን ሆና?»

«ትኩሳት። ጣቷን ከተወጋች በአራተኛው ቀን ጀመራት። ጤና ጣቢያው ወባ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጥቷታል። መንጌ ግን ሌላ ነው የሚለው።»

«መንጌ ምን ይላል?» አለች፤ ብታውቀውም።

ሀይደር ቀደማቸው። «የሰፋሪው ልጅ ደማችንን ይሸጣል ይላል። አሁን ደግሞ ፊልሙን አምጥቶ በግላጭ ሊያሳየን ነው ይላል። ሌላም ይላል፤ እህትህ ከሱ ጋር ትታያለች ይላል።»

ነዕማ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። ሼህ ሐመድ ልጃቸውን በእጃቸው ምልክት ዝም አሰኙት።

«እኔ ደም የሚጠጣ ሰው አለ ብዬ አላምንም፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ» አሉ። «ይህን የሚያምን ቂል ነው። እኔ የማምነው የማያስረዳ ሰው እንዳለ ነው። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።» ከዚያ አውራ ጣታቸውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አሳዩዋት። የሰማያዊ ቀለም ርዝራዥ ጥፍራቸው ሥር ቀርቶ ነበር። «እኔም አትሜያለሁ። ምን ላይ እንዳተምኩ አላውቅም። በአማርኛ አንድ ነገር አነበበልን፣ ‹እሺ?› አለን። ሰው አክብሮ ሲጠይቅህ እሺ ትላለህ። እሺ አልን።»

ነዕማ ጣታቸውን አየችው። በቃሉ መንጌ ደርሶ ሲመለስ ስለ ወንዙ፣ ወርቅ ስለሚያጥቡት ሴቶች፣ ስለ ሙቀቱ ነግሯታል። የአባቷን ደም እንደወሰደ ግን አንድም ቀን አልነገራትም።

አባቷ ስለሷና ስለ በቃሉ አልጠየቋትም። እስከ ቅዳሜ ድረስ እዚሁ እንደሚቆዩ፣ የመንጌ ሰዎችም ፊልሙን ለማየት እንደሚመጡ ብቻ ነገሯት። አለመጠየቃቸው ከጥያቄ ይልቅ ከበዳት። ያን ምሽት ለአባቷ ውሃ ስታቀርብ፣ ጣታቸው ጣቷን ሲነካት፣ የሰረቀ ሰው የሚሰማው ዓይነት እፍረት ወረራት።

* * *

ሰኞ በምሳ ሰዓት በቃሉ እንደ ልማዱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ቆሞ ጠበቃት። ዛፉ ፍሬ አዝሎ ቅርንጫፎቹ አጎንብሰዋል። እጁን ለሰላምታ ዘረጋ፤ እሷ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቀረች።

«መንጌ የወሰድከው ደም የማን የማን ነው?»

«የብዙ ሰው ነው። ምነው?»

«ስም አትጽፍም?»

«እጽፋለሁ።»

«ሐመድ የሚል ስም ጽፈህ አታውቅም?»

በቃሉ የወደቀ ማንጎ በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገ። ነዕማ ያችን ትንሽ ዝምታ ቆጠረቻት። ንጹሕ ሰው ለዚህ ጥያቄ ይህን ያህል ጊዜ አያስፈልገውም ብላ አሰበች።

«ጽፌያለሁ» አለ በመጨረሻ።

«ትህትናስ ማን ናት?»

አሁን ፊቱ ተለዋወጠ። «ቦርሳዬን ፈተሽሽ?»

«ራስህ አውጪ አልከኝ፤ ወደቀብኝ፤ አነበብኩት። ማንበቤ ጥፋት ከሆነ ጥፋተኛ ነኝ። አሁን ያንተን ንገረኝ።»

«ነዕማ፣ ነገሩ እንደሚመስልሽ አይደለም።»

«እኔ እንደሚመስለኝ አልነገርኩህም። እንዴት እንደሆነ ነው የጠየቅኩህ።»

«ከፊልሙ በኋላ ቁጭ ብለን ሁሉንም እነግርሻለሁ። አሁን ሰዉ እያየን ነው።»

«ባላባቱም እንግዳውን እንደዚህ ነው የሚያቆየው» አለች። «መጀመሪያ እራት ይቅረብ፣ ወሬው በኋላ።»

ለማሾፍ የተናገረችው አልነበረም፤ ድምፅዋ ውስጥ ቀልድ አልነበረበትም። በቃሉ እንደ ተመታ ሰው ቀና ብሎ አያት። ዓይኖቹ ውስጥ ፍርሃት አየች። ፍርሃቱ እሷን ከማጣት ይሁን ከመጋለጥ ግን መለየት አቃታት። ከሁሉ የባሰባት ይህ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሰባት ወር ሙሉ ያየችው ፊት አለመርዳቱ። ፊቷን አዙራ ወደ ግቢው ስትገባ እግሯ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ልቧ ግን ከዛፉ ሥር ቀርታ መልስ ትጠብቅ ነበር።

* * *

ሐሙስ ዕለት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አንዲት ሴት ትጠይቅሻለች ተባለች። ስትወጣ ነጠላ የተከናነቡ፣ ጠቆር ቀጠን ያሉ እናት የጥበቃው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ነዕማ አይታቸው አታውቅም፤ የበቃሉን ዓይን ግን ወዲያው ለየችው።

«ጤናዬ እባላለሁ» አሉ ሳይነሱ። «የበቃሉ እናት ነኝ። ይህን ወረቀት አድርሽልኝ ብሎኝ ነው ከባምባሲ የመጣሁት። ላደርስ እንጂ ላማልድ አልመጣሁም።»

ነዕማ ወረቀቱን ተቀበለች። «ይግቡ፣ ውሃ ልስጥዎት።»

«ግድየለም ልጄ። ተቀመጪ።» አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት። «ደም መጣጭ እያሉት ነው አሉ።»

«ይላሉ።»

«በሰባ ሰባት እኛ እዚህ ስንወርድ ሰዉ ሲያየን ይሸሽ ነበር። በሽታ ይዘው መጡ ይሉናል። ያኔ በጣም ነበር የሚያናድደኝ።» ጤናዬ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እንዲያው እውነቱን ለመናገር ግን ይዘን ነበር። ከመኪናው ስንወርድ ግማሻችን ተቅማጥ ነበረብን። ማንም ሳይነግራቸው ወንዛቸው ላይ አሰፈሩን። የነሱም ልጆች ሞቱ፣ የኛም ሞቱ። ስለዚህ ሰው ሲጠረጥር አልፈርድም።»

«እርስዎ ይጠረጥሩታል?» አለች ነዕማ፤ ከአፏ ካመለጠ በኋላ ደነገጠች።

ጤናዬ ፈገግ አሉ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር ይላል የኔ አገር ሰው። ልጄን እወደዋለሁ፤ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያጠፋውን የሚናገረው ሁሉም ካወቀው በኋላ ነው። አንቺን ከወደደሽ ይህን ዐመሉን ይዞ ነው የወደደሽ። ለኔ ብለሽ እምነትሽን አትስጪው። አብሽሪ ልጄ፣ ፊትሽ ገርጥቷል።» ከዚያ ተነሡ፤ ትከሻዋን ነካ አድርገዋት ወደ መናኸሪያው አቀኑ።

ደብዳቤውን ባዶ ክፍል ውስጥ ገብታ አነበበችው።

«ነዕማ፣ ፊት ለፊት ስትጠይቂኝ አፌ ተሳሰረ። ትህትና እጮኛዬ ነበረች። ናሙናዎቹን አዲስ አበባ ላይ የምትመረምረውም እሷ ናት። አንቺን ካወቅኩ በኋላ በቃ ማለት ነበረብኝ፤ ጥናቱ እንዳይበላሽ ብዬ ዝም አልኩ። እሷ ዝምታዬን እንደ ተስፋ ወሰደችው። ሰኞ ካንቺ እንደተለየሁ ደውዬ ነገርኳት።

ሁለተኛው ይብሳል። መንጌ ላይ አስተርጓሚ የነበረን ለሁለት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን በአማርኛ እያነበብኩ ‹እሺ?› አልኳቸው። እሺታቸው እሺ እንዳልነበረ አውቅ ነበር። አባትሽ መሆናቸውን ያወቅኩት ካተሙ በኋላ ስማቸውን ስጽፍ ነው። በዚያው ቀን ልነግርሽ አስቤ አስቤ ቀረሁ። ደም መጣጭ ሲሉኝ የምስቀው፣ ውሸት መሆኑን ስለማውቅ ነበር። አሁን ሳስበው ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። አለቀሰችበትም። እንባዋን ከጠረገች በኋላ ግን ያው ጥርጣሬ ተመልሶ አጠገቧ ተቀመጠ። ለአንዲት ሴት በስውር የሚጻፍ እውነት መደለያም ሊሆን ይችላል። ይህን ለመንጌ ሰው ደግሞ ይናገረው ይሆን? ወይስ ከእሷ ከታረቀ ይበቃዋል? ወረቀቱን ልታቃጥለውም፣ ደረቷ ውስጥ ልትሸሽገውም እኩል አማራት።

* * *

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞልቶ በር ላይ የቆመ ሰው ነበር። ከፊት የከተማው ወጣቶች፣ መሀል ላይ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች፣ ከኋላ በአይሱዙ የመጡ ሃያ የሚሆኑ የመንጌ ሰዎች ተቀምጠዋል። ሼህ ሐመድ ከነሱ መሀል ናቸው። በቃሉ ከላፕቶፑ ጀርባ ቆሟል። ከሰኞ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም።

ፊልሙ ተጀመረ፤ ነዕማም ጀመረች። ባላባቱ ከሬሳ ሣጥኑ ግትር እንዳለ ሲነሣ ወጣቶቹ ሳቁ። መርከበኞቹ አንድ በአንድ ሲሞቱ ሳቁ ቀነሰ። የረጃጅም ጣቶች ጥላ ደረጃውን ሲወጣ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ የሷ ድምፅ ብቻ ነበር ከደረጃው ጋር የሚወጣው። ከዚያ ባላባቱ በተኛችው ሴት አንገት ላይ አጎነበሰ።

ከኋላ አንዲት የመንጌ ሴት በበርታ ጮክ ብላ «ይሄኛውስ ጠይቆ ነው?» አለች።

ጥቂት ሰው ሳቀ። ከዚያ ማጉረምረም ተነሣ። ወንበር ተንኳኳ። ሼህ ሐመድ ብድግ ብለው በሰው መሀል ወደ ፊት ሲመጡ በቃሉ ራሱ ፊልሙን አቆመው። ባላባቱ እንዳጎነበሰ አንሶላው ላይ ቀረ።

ሼህ ሐመድ በበርታ ተናገሩ። ነዕማ ማይክሮፎኑን አነሣች። «አባቴ የሚሉት…»

«አባቴ አትበይ» አሏት። «ለፊልሙ ሰዎች እንደምትናገሪው እኔን ሆነሽ ተናገሪ። እሱንም እሱን ሆነሽ።»

በአማርኛ ጀመረች። «እኔ ሐመድ ነኝ» አለች። «ጣቴን ወግተህ ደሜን ወሰድክ። አውራ ጣቴን ወረቀት ላይ አሳተምከኝ። ወረቀቱ ምን ይላል?»

በቃሉ ከላፕቶፑ ጀርባ ወጥቶ ብርሃኑ ውስጥ ቆመ። ነዕማን አላያትም፤ አባቷን ነው ያየው።

«ደማችሁ አዲስ አበባ ሄዶ ወባው መድኃኒት ለምዶ እንደሆነ ይመረመርበታል ይላል» አለ። «አልፈልግም ማለት ትችላላችሁ ይላል። ይህን የመጨረሻውን እንዳልገባችሁ እያወቅኩ አሳተምኳችሁ። አስተርጓሚ አልነበረንም፤ መጠበቅ ነበረብኝ፤ አልጠበቅኩም።»

ነዕማ በበርታ አለችው። ከኋላ ያሉት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ያን ያህል በግልጽ ይናገራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ እሷም አልጠበቀችም።

«ለምን ቸኮልክ?» አለች አባቷን ሆና።

«ጥናቴን ጨርሼ ዶክተር ለመባል» አለ በቃሉ።

ይህንንም አለችው። አንድ ሽማግሌ ከኋላ አንገታቸውን ነቀነቁ። ሼህ ሐመድ ሌላ ጥያቄ ጠየቁ። በርታ የሚያውቀው የአዳራሹ ግማሽ በአንድ ጊዜ ትንፋሹን ዋጠ። ነዕማ ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረገች።

በቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደሷ ዞረ። «ምን አሉ?»

አባቷ ጠበቁ። ሀይደር ከበሩ ጋ ቆሞ ያያታል። በመጨረሻ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ መለሰችው።

«ልጄንስ» አለች፤ «ልጄንስ ጠይቀህ ነው፣ ወይስ እንደኛው ነው የወሰድካት?»

በቃሉ ዓይኑን ከሷ አንሥቶ ወደ አባቷ መለሰ።

«ከሷም ደብቄያታለሁ። እጮኛ ነበረችኝ፤ አልነገርኳትም። እርስዎ አባቷ መሆንዎን ካወቅኩ በኋላም አልነገርኳትም። አሁን የምናገረው እንድትመለስልኝ አይደለም፤ እሷ ባትኖርም ይህን እዚህ መናገር ነበረብኝ። ልጅዎን እወዳታለሁ። ከእርስዎ ቤት ልጅ ለመጠየቅ ምን መብት እንዳለኝ አላውቅም፤ ስለማላውቅ ነው እስከ ዛሬ ያልመጣሁት።»

ነዕማ አልተረጎመችም። አባቷ በበርታ «በይ» አሏት።

«ሰምተውታል፣ አባ።»

ሼህ ሐመድ በአማርኛ መለሱ፤ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ። «አማርኛ እኔ ጥቂት ይሰማል። ሰምቷል። ግን ካንቺ አፍ ነው የምፈልግ።» ከዚያ ድምፃቸውን አውርደው በበርታ ጨመሩ፤ «ሰው የማያምነውን ሲተረጉም ድምፁ ይለያል። ያንቺን ድምፅ እኔ አውቀዋለሁ።»

ያኔ ገባት። የተጠየቀው በቃሉ ብቻ አይደለም። ሙሉ ሳምንት ከራሷ ጋር የተሟገተችበት ነገር አሁን በሰው ፊት፣ በገዛ ድምፅዋ ሊፈረድ ነው። ድምፅዋን ልታታልለው አትችልም፤ ከአባቷ ጆሮ አያልፍም። በቃሉን አየችው። ብርሃኑ ፊቱን አስገርጥቶታል፤ ላብ ከጆሮው ሥር ይወርዳል። እጆቹን ወደ ኋላ አልደበቀም፤ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ ይንቀጠቀጣል። ያን መንቀጥቀጥ ታውቀዋለች።

ጀመረች። ደብቄያታለሁ አለች። እጮኛ ነበረችኝ አለች፤ ቃሉ እንደ አሸዋ ምላሷ ላይ ቀረ፤ ቢሆንም አለችው። አልነገርኳትም አለች፤ እዚህ ላይ ድምፅዋ መረረ፣ ምሬቱንም አልሸሸገችውም። ከዚያ በእናቷ ቋንቋ፣ ለአባቷ፣ በወንድ አንደበት «ልጅህን እወዳታለሁ» አለች። ድምፅዋ አልተሰበረም። ግልጽ ብሎ ወጣ፤ እስከ በሩ ድረስ ተሰማ። ሲያልቅ ግን እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር፤ መቼ እንደጀመረ አላወቀችም።

ሼህ ሐመድ ልጃቸውን ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«በሳምንቱ መንጌ ይምጣ» አሉ በመጨረሻ። «ወረቀቱን ሁሉ፣ የወሰደውን ደም ሁሉ ይዞ ይምጣ። በየቤቱ እንደገና ይጠይቅ። እምቢ ያለ ሰው ደሙ ዓይኑ እያየ ይቃጠል። አስተርጓሚው አንቺ ነሽ። የሌላውን ነገር ከዚያ በኋላ አያለሁ። ዓመት ሊፈጅብኝ ይችላል።» ቀጥለው ፊት ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ቁጭ አሉ። «አሁን ቀጥሉት። ይሄ እንግዳ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ልይ።»

አዳራሹ ሳቀ፤ በቃሉም ወደ ላፕቶፑ ሄደ። ነዕማ ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ያዘች። ገና አላመነችውም። ግን አለማመኗ ከእንግዲህ ብቻዋን የምትሸከመው ነገር እንዳልሆነ ሲሰማት፣ ትከሻዋ ላይ የነበረ አንድ ከባድ ነገር ወረደላት።

* * *

ከአዲስ አበባ የተመለሰው ካርቶን በአውቶቡስ ደረሰ። ውስጡ ደብዳቤ አልነበረም፤ ካርዶቹ ብቻ በቁጥር በቁጥር ተደርድረዋል። የበቃሉ የዩኒቨርሲቲ አማካሪ ጥናቱ ቢያንስ አንድ ዓመት እንደሚዘገይ ነግሮታል። ነዕማ ይህንን ያወቀችው ስልኩን ተቀብላ መልእክቱን ራሷ አንብባ ነው። የትህትናንም የመጨረሻ መልስ አሳየኝ ብላ አይታለች። እሱም አልተቀየመም፤ ስልኩን ሰጥቷት ዞር ብሎ ቆመ።

መንጌ ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ከቤት ቤት ዞሩ። እሱ ያነባል፣ እሷ ትተረጉማለች፣ አባቷ ከኋላ ከዘራቸውን ይዘው ይከተላሉ። እሱ አሳጥሮ ሲናገር «ይህን ዘለልከው» ትለዋለች፤ ተመልሶ ያነበዋል። ብዙዎቹ ይሁን አሉ። አሥራ ዘጠኝ ሰው እምቢ አለ፤ የአሥራ ዘጠኙም ካርድ ፊታቸው ተቃጠለ።

አክስቷ ሂባን ያገኟት ወንዝ ዳር፣ ገበቴዋን ይዛ ወርቅ ስታጥብ ነው። ወባው ለቋታል፤ ጉንጯ ግን ገና ጎድጉዷል። ቆማ ሁሉንም አዳመጠች። ሦስት ጥያቄ ጠየቀች። ሦስቱም ከተመለሱላት በኋላ «አቃጥለው» አለች።

በቃሉ ክብሪት ጫረ። አምስቱ ቡናማ ነጥቦች ጠቁረው፣ ተጠቅልለው አመድ ሆኑ። ሂባ አመዱን በእርጥብ እግሯ ወደ አሸዋው ቀላቀለችው።

«አሁን እንደገና ጠይቀኝ» አለች።

ነዕማ ተረጎመችለት። በቃሉ ግራ ተጋባ፤ ቢሆንም ወረቀቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበ። «ደም ለመስጠት ፈቃደኛ ነዎት?» ብሎ ጨረሰ።

ሂባ ገበቴዋን አንሥታ ወደ ውሃው ተመለሰች። «አስብበታለሁ» አለች ከትከሻዋ በላይ።

በቃሉ ይህ ሲተረጎምለት ሳቀ። የተሸነፈ ሰው ሳቅ ነበር፤ ቂም የሌለበት። ወረቀቱን አጥፎ በሂባ ስም አንጻር «እያሰቡበት ነው» ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ ቦርሳውን አንሥቶ በቀጭኗ መንገድ ወደሚቀጥለው ቤት ቀደመ።

ነዕማ ከኋላው ስትከተል ጀርባውን ታየዋለች። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ ዓይኗን ከሱ ላይ አንሥታ አታውቅም። ሲናገር ከንፈሩን፣ ሲጽፍ እጁን፣ ዝም ሲል ዝምታውን ስትጠብቅ ከርማለች፤ አንድ ቀን ሲስት ልትይዘው። አሁንም እያየችው ነው። ሸሚዙ ከላብ ብዛት ከጀርባው ተጣብቋል፤ የሚሄድበት መንገድ ላይ የወደቀ እሾህ በእግሩ እየገፋ ከኋላው ለሚመጡት ያጠራል። ብዙ መንገድ ከሄደች በኋላ ነው ልትይዘው ምንም እየጠበቀች እንዳልነበር ያወቀችው። የምታየው ማየት ስለፈለገች ብቻ ነበር።

ዞር ስትል አባቷ ከኋላ እያዩዋት ነው። ደነገጠች። ሼህ ሐመድ ከዘራቸውን ተደግፈው ፊታቸውን ወደ ኮረብታው መለሱላት፤ እስክትጠግብ እንድታይ።